ኮምፕሬሰሩ እምቢ ሲል

ከሱሉልታ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሾፌር በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት አየር ያገኛል። ጠዋት ሱሉልታ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ አለ። ፍቼንና ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲገባ ግን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩ አጠገብ ሲደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ይጣበቃል። ከሰበታ ተነሥቶ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል ወደ ጅማ የሚሄደውም የጊቤን በረሃ ያቋርጣል። ከቡራዩ ተነሥቶ በአምቦ በኩል ነቀምቴን አልፎ የሚሄደውም ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ደጋማ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሦስቱም በአገር አቋራጭ መንገዶች በር ላይ ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች የሚያድር መኪና ማቀዝቀዣው፣ ማለትም ኤሲው፣ ለወራት ሳይነካ ይቆያል። አንድ ቀን በረሃ ሲገባ ግን «በል እንግዲህ ሥራ!» ይባላል።

ያን ጊዜ ቁልፉ ይጫናል፣ መብራቱ ይበራል፣ ነፋሱም ይነፍሳል። የሚነፍሰው ግን ሙቅ አየር ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ሲታይ ኮምፕሬሰሩ አልተነሣም። ወዲያው ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» ይላል። ሌላው «ሽቦ አምጣ፣ በቀጥታ እናስነሣው» ይላል። የመጀመሪያው ምክር ገንዘብ ያስወጣል። ሁለተኛው ደኅና የነበረውን ኮምፕሬሰር ሊያቃጥል ይችላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ሦስተኛውን መንገድ ነው። ይኸውም ኮምፕሬሰሩ እምቢ ያለበትን ምክንያት መጠየቅ ነው። ኮምፕሬሰር እምቢ ሲል ብዙውን ጊዜ የሞተ ሳይሆን ራሱን ከጉዳት እየጠበቀ ነውና።

«ኤሲ የቅንጦት ዕቃ ነው፤ ለደጋ ሰው ምን ይሠራለታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በበረሃ ሙቀት ብዙ ሰዓት የሚነዳ ሰው ይዝላል፣ ያንቀላፋል። በደጋም ቢሆን ኤሲ ሥራ አለው። በክረምት ዝናብ ተሳፋሪ በሞላበት መኪና ውስጥ ትንፋሹ በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሠርቶ መንገዱን ይሸፍናል። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱንም ስለሚቀንስ መስታወቱ ቶሎ ይጠራል። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ጉዳይ ነው።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል?

አረቄ እጃችን ላይ ቢፈስ እጃችን ቀዝቀዝ ይላል። አረቄው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከእጃችን ሙቀት ይወስዳልና። በመኪናው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ጋዝም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ ጋዙ በነነ ተብሎ አይጠፋም፤ በቱቦ ውስጥ ተዘግቶ ይዞራል።

ከክሩስኮቱ በስተጀርባ የተጠቀለለ ቱቦ አለ። ፈሳሹ እዚያ ሲደርስ ይተንናል፣ የመኪናውን አየር ሙቀትም ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ይህን እንፋሎት ስቦ ይጨምቀዋል። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፖምፓው እንደሚሞቅ ሁሉ የተጨመቀው ጋዝም ይሞቃል። የሞቀው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንዴንሰር ይሄዳል። እዚያ በነፋስ ቀዝቅዞ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም በእርጥበት መጣጩ ጣሳና በጠባቡ ቀዳዳ በኩል ወደ ክሩስኮቱ ጀርባ ይመለሳል። ዙሩ ይህ ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ይዞራል። ጋዙ ሲያንስ ዘይቱም ወደ ኮምፕሬሰሩ በደንብ አይመለስም። ጋዝ በሌለው መስመር ላይ ኮምፕሬሰርን ማዞር ያለ ዘይት ሞተር እንደማስነሣት ነው።

ፍሪሲዮኑ ምን ይሠራል?

ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ቺንጋውን፣ ቺንጋው ደግሞ ፑሌጃውን ያዞራል። ፑሌጃው ሞተሩ እስካለ ድረስ ይዞራል፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ሁልጊዜ መዞር የለበትም። ሁለቱን የሚያገናኝና የሚለያይ አንድ የኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን ተገጥሟል። ከፑሌጃው በስተጀርባ የሽቦ ጥቅል አለ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ከፊት ያለውን ብረት ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል። ያን ጊዜ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ኮምፕሬሰሩም መዞር ይጀምራል።

ይህ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከታሪክ እንረዳለን። የአሜሪካው ፓካርድ ፋብሪካ በ1932 ዓ.ም. ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ኮምፕሬሰሩ ፍሪሲዮን አልነበረውም። ማቀዝቀዣውን ማቆም የፈለገ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን ማውለቅ ነበረበት። ዛሬ ያንን ሥራ አንዲት ቁልፍ ትሠራዋለች።

ፍሪሲዮኑ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ብዙ ዘበኞች «ይለፍ» ማለት አለባቸው። አንዱ ዘበኛ የጋዙን ግፊት ያያል። ጋዙ ካነሰ ግፊቱ ይወርዳል፤ ዘበኛው መስመሩን ይቆርጣል። ግፊቱ ከመጠን በላይ ወጥቶ ወደ 30 ባር ሲጠጋም ይቆርጣል። ሌላው ዘበኛ የክሩስኮቱ ጀርባ ቱቦ በረዶ እንዳይሠራ ይጠብቃል። የመኪናው ኮምፒዩተርም ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮምፕሬሰሩን ያቆማል። በብዙ መኪኖች ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥም ኮምፒዩተሩ ኮምፕሬሰሩን ለጥቂት ጊዜ ያቆመዋል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ኤሲው ለአፍታ ቢያርፍ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ለሞተሩ ጉልበት እየለቀቀ ነው።

ምርመራው በቅደም ተከተል

አስቀድሞ ጥንቃቄ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ሞተሩ እየሠራ ኮፈን ሥር የሚያጎነብስ ሰው ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ አያድርግ። ቺንጋና ፋን ጣት ይቆርጣሉ። የኤሌክትሪክ ፋን ደግሞ ሳይታሰብ በድንገት ይነሣል።

አንደኛ፣ በዓይን እንይ። ቺንጋው አለ ወይ? ላልቷል ወይ? የፍሪሲዮኑ ሽቦ ተነቅሏል ወይ? አይጥ ሽቦ በልቷል ወይ? የቱቦ መጋጠሚያው ላይ አቧራ የያዘ የዘይት እርጥበት ካለ ጋዝ የሚያፈሰው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ በጆሮ እንስማ። ሞተሩ ተነሥቶ ነፋሱ ይከፈት፤ ከዚያ የኤሲው ቁልፍ ይጫን። «ጠቅ» ካለና ኮምፕሬሰሩ ከዞረ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። «ጠቅ» ብሎ ቺንጋው ከጮኸ ኮምፕሬሰሩ ውስጡ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ይጥፋ። ምንም ድምፅ ከሌለ ምርመራው ይቀጥላል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ፍሪሲዮን የሌለው ኮምፕሬሰር ስላለ «ጠቅ» አለማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ፊውዙን እንፈትሽ። ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ይተካ። በትልቅ ቁጥር ወይም በሲጋራ ብርማ ወረቀት መተካት መኪናውን በእሳት ማጋየት ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሽቦ አንድ ቦታ ተነካክቷል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሪሌውን እንፈትሽ። በብዙ መኪኖች የኤሲው ሪሌ ከሌላው፣ ለምሳሌ ከክላክሱ ሪሌ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቁጥራቸው አንድ መሆኑን አይቶ ሁለቱን ማለዋወጥ ነው። ኤሲው ከተነሣ ጥፋተኛው ተገኘ።

አምስተኛ፣ በመፈተሻ አምፖል ፍሪሲዮኑ ላይ እንጠይቅ። የአምፖሉ አንድ ጫፍ ማሳ ላይ፣ ማለትም የመኪናው ብረት ላይ ይያዛል። ሌላው ጫፍ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደውን ሽቦ ይነካል። ይህ ጥያቄ ምርመራውን ለሁለት ይከፍለዋል። አምፖሉ ከበራ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ወይም ማሳው ላይ ነው። ካልበራ ጥፋቱ ከፍሪሲዮኑ ወደ ኋላ ነው፤ ከዘበኞቹ አንዱ «አይለፍ» ብሏል፣ አለበለዚያ ሽቦ ተቆርጧል።

ስድስተኛ፣ አምፖሉ በርቶ ፍሪሲዮኑ ካልያዘ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቅሉ በቴስተር ይለካ። በ12 ቮልት መኪኖች ላይ ደኅና ጥቅል ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ጥቅሉ ተበጥሷል። ጥቅሉ ደኅና ከሆነ በብረቱና በፑሌጃው መካከል ያለው ክፍተት ይለካ። ክፍተቱ ባብዛኛው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብረቱ በአገልግሎት ሲሳሳ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ማግኔቱም መሳብ ያቅተዋል። በአንዳንዱ ኮምፕሬሰር ላይ ስስ ሮንዴላ አውጥቶ ክፍተቱን ማጥበብ ይቻላል። ያን ጊዜ መላው ኮምፕሬሰር አይቀየርም።

ሰባተኛ፣ አምፖሉ ካልበራ የጋዙ ግፊት በማኖሜትር ይለካ። ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት የጋዝ ማነስ ነውና።

ኮምፕሬሰሩ እምቢ የሚልበት ሰዓትም ራሱ ይናገራል። ጠዋት ይዞ ቆይቶ ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ የሰፋ ክፍተት ወይም የደከመ ጥቅል እንጠርጥር፤ ሽቦ ሲሞቅ የማግኔቱ ጉልበት ይቀንሳልና። ቶሎ ቶሎ ይዞ የሚለቅ ከሆነ ጋዙ አንሷል ማለት ይሆናል። መኪናው ሲቆም ለቅቆ ሲሄድ የሚይዝ ከሆነ የኮንዴንሰሩ ፋን ይታይ።

ደጋው የሚያመጣው ነገር

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ውርጭ ይወርዳል። የጋዝ ግፊት ደግሞ ከብርድ ጋር ይወርዳል። በዛሬ መኪኖች ውስጥ የሚበዛው አር 134 ኤ የተባለው ጋዝ 20 ዲግሪ ሲሆን ያለው ግፊት ዜሮ ዲግሪ ሲሆን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጋዙ ትንሽ ጎደል ካለ የግፊቱ ዘበኛ ጠዋት ይቆርጠውና ቀን ሲሞቅ ይለቀዋል። በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ የውጭው አየር ወደ ዜሮ ሲጠጋ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሣ የሚያደርግ መሣሪያ አለ። ስለዚህ በውርጭ ጠዋት ኤሲ አልነሣ ቢል አይፈረድበት። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይፈተሽ።

ሁለተኛው የደጋ ነገር የማኖሜትር ንባብ ነው። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በመስመሩ ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ ይወጣል። በባሕር ጠረፍ ጥሩ ፓምፕ የማኖሜትሩን መርፌ ወደ 30 ኢንች ዝቅ ያደርገዋል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ መርፌው 22 ኢንች አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ሱሉልታ ላይ ከዚያም ጥቂት ዝቅ ይላል። ይህ የፓምፕ ድካም አይደለም። አየሩ ወጥቶ አልቋል። ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ፓምፕ ይጥላል ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል።

በሽቦ ማስገደድ

አንዳንዶች የግፊቱን ዘበኛ ሶኬት ነቅለው ሁለቱን ጫፍ በቁራጭ ሽቦ ያገናኛሉ። ኮምፕሬሰሩ ይነሣል። «አየህ፣ ተሠራ!» ይባላል። ነገር ግን ዘበኛው ተባረረ እንጂ በሽታው አልዳነም። ጋዝና ዘይት የሌለበት ኮምፕሬሰር ብረት ከብረት ይፋጫል። የፋቀውን ብናኝም በቱቦው ሁሉ ይበትናል። ያን ጊዜ የሚቀየረው ኮምፕሬሰሩ ብቻ አይሆንም፤ መጣጩ ጣሳ መቀየር፣ ቱቦውም መታጠብ ይኖርበታል። ዘበኛው የቆረጠው ግፊቱ በዝቶ ከሆነ ደግሞ ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መጨመርም ከዚህ ብዙ አይሻልም። በተቀደደ ስልቻ እህል እንደመክተት ነው። መጀመሪያ ቀዳዳው በሳሙና አረፋ ወይም በመፈለጊያ መሣሪያ ይገኝ፣ ይደፈን። ቀጥሎ አየሩ በፓምፕ ይውጣ። ከዚያ ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ ይሞላ። መጠኑ በግራም ብዙውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከልክ በላይ መሙላትም ያው ኮምፕሬሰሩን ያስቆመዋል።

የጋዙ ሥራ መሣሪያ ላለውና ለተማረ ባለሙያ ይተው። ሾፌሩና ረዳቱ እስከ አምስተኛው ደረጃ ራሳቸው መፈተሽ ይችላሉ፤ የጋዙን መስመር ግን አይፍቱ። አር 134 ኤ በባሕር ጠረፍ ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። ዓይን ላይ ቢረጭ ያሳውራል፣ ቆዳንም እንደ እሳት ይልጣል። ከእሳት ጋር ሲገናኝ መርዛም ጢስ ይወጣዋል።

ወደ አየር መልቀቅም ክልክል ነገር ነው። ድሮ ይሠራበት የነበረው አር 12 ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ንብርብር እንደሚያጠፋ ታወቀ። በ1980 ዓ.ም. በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ አገሮች ይህንና መሰሎቹን ጋዞች ለመቀነስ ተስማሙ። ኢትዮጵያም የዚሁ ስምምነት አባል ናት። የተተካው አር 134 ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ምድርን በማሞቅ ግን አንድ ኪሎው ከ1,000 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበልጣል። ስለዚህ ጋዙ በመሣሪያ ተስቦ በዕቃ ይቀመጣል እንጂ ሜዳ ላይ አይለቀቅም።

ከመታመሙ በፊት

ኮምፕሬሰርን የሚያደርቀው ሥራ ፈትነት ነው። በዘንጉ ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ ለረጅም ጊዜ ዘይት ሳያገኝ ሲቀር ይደርቃል፤ ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣል። ለዚህ ነው የደጋ መኪና በረሃ በገባ ቀን ጉድ የሚያፈላው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሙቀት ኖረም አልኖረም፣ ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ ኤሲው ለአሥር ደቂቃ ይሥራ። ደጋ ላይ ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ማድረጉ ይሻላል። መስታወት በሚሸፈንበት ክረምት መጠቀሙም ያው አገልግሎት ይሰጣል። ኮንዴንሰሩ ላይ የተለጠፈው ጭቃና ነፍሳት በውኃ ይታጠብ፤ ውኃው ግን ክንፎቹን የሚያጣምም ኃይል አይኑረው።

በመጨረሻ ስለ አዲሶቹ መኪኖች አንድ ቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። የእነዚህ ኮምፕሬሰር ቺንጋም ፑሌጃም የለውም፤ የራሱ ሞተር አለው። የሚሠራው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው። ብርቱካንማ ሽቦ ያየ ሰው እጁን ይሰብስብ። የመፈተሻ አምፖላችን እዚያ ቦታ የለውም፤ ያልሠለጠነ ሰው ቢነካው ይሞታል።

እንግዲህ ኮምፕሬሰሩ እምቢ ሲል አንቆጣ፣ አናስገድደውም። በዓይን፣ በጆሮ፣ በፊውዝ፣ በሪሌ፣ በአምፖል አንድ በአንድ እንጠይቀው። ጋራዥ ስንደርስም «ኤሲው አልሠራም» ብቻ አንበል። «ፊውዙ ደኅና ነው፣ አምፖሉ ፍሪሲዮኑ ላይ አይበራም፣ መጋጠሚያው ላይ ዘይት አለ» እንበል። እንዲህ ብሎ የሚናገር ደንበኛ ያልተበላሸ ኮምፕሬሰር አይቀየርበትም።

ጥያቄዎች

1. ጋዝ በሌለበት ኮምፕሬሰሩን በሽቦ ማስነሣት ለምን ይጎዳል?
2. መፈተሻው አምፖል ፍሪሲዮኑ ላይ ቢበራ ጥፋቱ የት ነው? ባይበራስ?
3. በውርጭ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ኤሲ የማይነሣበትን ሁለት ምክንያት ተናገሩ።
4. አዲስ አበባ ዙሪያ የማኖሜትሩ መርፌ 22 ኢንች አካባቢ የሚቆመው ለምንድን ነው?
5. በአካባቢያችሁ ያለ ሾፌር ኤሲውን በወር ስንት ጊዜ እንደሚያሠራ ጠይቁ። ያነበባችሁትንም አስረዱት።